አሚጋ 2000 ከነቶስተሩ፦ የስቱዲዮው ዕቃ የቤት ኮምፒውተር ይሁን ወይስ እንዳለ ይቀመጥ?

የመነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁም። ሥራ ያቆመ አንድ የቪዲዮ ስቱዲዮ ዕቃውን ሲያወጣ ኮሞዶር አሚጋ 2000 እጄ ገብቷል። ውስጡ የኒውቴክ ቪዲዮ ቶስተር ካርድ አለ። ከኋላው አራት የቪዲዮ መግቢያና ሁለት መውጫ ተደርድሯል። ሃርድ ዲስክ አለው። ኪቦርድና ማውስ የለውም። እስካሁን መብራት አላስነካሁትም።

ለማታውቁት ባጭሩ ላስረዳ። ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። አሚጋ 2000 በ1987 የወጣ ኮምፒውተር ነው። ፕሮሰሰሩ ሞቶሮላ 68000 ሲሆን ምስሉንና ድምፁን የሚሠሩለት አግነስ፣ ዴኒስና ፓውላ የተባሉ የራሱ ቺፖች ናቸው። የውስጥ ሰዓቱ ከቴሌቪዥን ሲግናል ጋር አብሮ እንዲሄድ ተደርጎ ስለተሠራ ለቪዲዮ ሥራ ተመራጭ ነበር። ቶስተሩ በ1990 መጨረሻ በ2,399 ዶላር ገበያ ላይ ዋለ። ከዚያ በፊት ካሜራ መቀያየሪያው፣ ጽሑፍ ማውጫውና ኢፌክት መሥሪያው ለየብቻ የሚገዙ፣ ትልቅ ጣቢያ ካልሆነ የማይደፍራቸው ማሽኖች ነበሩ። ቶስተሩ ሁሉንም ባንድ ካርድ ጠቀለላቸው። ላይትዌቭ የተባለውን የስሪዲ አኒሜሽን ፕሮግራምም ጨመረበት። ትንንሽ ስቱዲዮዎች ትልቅ ጣቢያ የሚሠራውን መሥራት የቻሉት ያኔ ነው።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። ቶስተሩን አውጥቼ፣ ጌም የምጫወትበት፣ የምጽፍበት፣ ሙዚቃ የምሞካክርበት የቤት ኮምፒውተር ላድርገው? ወይስ እንዳለ ልተወው? የራሴን አቋም ልናገር። ማሽን መሥራት አለበት ባይ ነኝ። ነገር ግን ምንም ሳይቆረጥ፣ ምንም ሳይበሳ፣ ነገ ሌላ ሰው ወደ ነበረበት ሊመልሰው በሚችል መንገድ መሆን አለበት። እናንተስ?

መልሶቹን በየተራ እዚሁ አሰባስባለሁ ብዬ ነበር። ስለበዙ ዋና ዋናውን በራሴ አባባል አስቀምጫለሁ።

መልስ 1

እንኳን ደስ አለህ ብሎ ጀመረ። ከዚያ ወዲያው ባትሪውን አውጥቼው እንደሆነ ጠየቀኝ። ካላወጣሁ ሌላው ወሬ ሁሉ ይቆየን አለ። ሁለት መስመር ብቻ ነው የጻፈው። ከሁሉም የበለጠ የጠቀመኝ ግን እሱ ነው።

መልስ 2

ይኸኛው ነገሩን አብራራው። አሚጋ 2000 ቦርዱ ላይ የተበየደ የ3.6 ቮልት ኒኬል ካድሚየም ባትሪ አለው። መብራት ሲጠፋ ሰዓቱንና ቀኑን የሚይዝለት እሱ ነው። ዕድሜው ሲገፋ ያፈሳል። የሚያፈሰው ፈሳሽ አልካላይን ስለሆነ መዳቡን እየበላ ይሄዳል። የተቀመጠው ደግሞ ፕሮሰሰሩ አጠገብ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጎዳው የ68000ው ሶኬትና በአካባቢው ያሉት ቀጫጭን መስመሮች ናቸው። የመከረኝም ባትሪውን በመቁረጫ ቆርጬ እንዳወጣ፣ ቦታውን አቼቶ በነከረ ጥጥ እንድጠርግ፣ በንጹሕ ውኃ እንዳጥብ፣ በአልኮል እንዳደርቅ ነው።

በማግስቱ ክዳኑን ከፈትኩት። ባትሪው ጫፉ ላይ ነጭ ጨው አብቅሏል። ከሥሩ ያለው የቦርዱ አረንጓዴ ቀለም ደብዝዞ እንደ መግል ቀለም ሆኗል። የፕሮሰሰሩ ሶኬት እግሮች መካከል ሰማያዊ ነገር ይታያል። ከእነሱ አንዱን በመርፌ ጫፍ ስነካው ብየዳው ተፈረፈረ። ፎቶውን ለጠፍኩ። ከዚያ በኋላ የመልሱ ፍጥነት ጨመረ።

መልስ 3

በትሕትና ቁጥር 2ን አረመው። አቼቶው የፈሰሰውን ያከሽፋል እንጂ ሥራውን አይጨርስም ነው የሚለው። አደጋው ያለው በማይታየው ቦታ፣ ከሶኬቱ ሥር ነው። ሶኬቱ ተነቅሎ ካልታየ ዝገቱ ከቀለሙ ሥር ዝም ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። መስመሮቹን አንድ በአንድ በመልቲሜትር መለካት፣ የተቋረጠውን በቀጭን ሽቦ መቀጠል ያስፈልጋል። ፎቶው ላይ ሰማያዊው የታየበትን ቦታ ቀስት አድርጎበት መለሰልኝ። ልክ ነበር፤ ሶኬቱ ሲወጣ ከሥሩ አንድ መስመር ጨርሶ ተበልቶ ተገኘ።

መልስ 4

ለምን ይህን ሁሉ ድካም ሲል ጠየቀ። ኢሙሌተር፣ ማለትም ዛሬ ባለን ኮምፒውተር ላይ አሚጋን የሚመስል ፕሮግራም፣ አውርዶ መጫን ቀላል ነው፣ ጌሙም ያው ነው፣ ባትሪም አያፈስም ባይ ነው። የሚገርመው ነገር ሰው ለቆሻሻ ብረት ሲጨነቅ ማየት እንደሆነም ጨመረ።

መልስ 5

ቁጥር 4ን ሳይምር መለሰለት። ኢሙሌተር የካሜራ ገመድ የሚሰካበት ቀዳዳ የለውም። የዚህ ማሽን ሙሉ ታሪክ ያለው ደግሞ እዚያ ቀዳዳ ላይ ነው። ዕቃውን የማይወድ ሰው ዕቃ በሚጠገንበት የውይይት ክር ላይ ምን ያደርጋል የሚል ጥያቄም አቀረበ። ቃሉ ትንሽ ከበድ ብሏል። ሐሳቡን ግን እደግፋለሁ። ኢሙሌተር ጥሩ ነገር ነው፣ እኔም እጠቀማለሁ። ግን ፊቴ የተቀመጠው ማሽን እየተበላ ሳለ ሶፍትዌር አውርድ መባል መልስ አይሆንም።

መልስ 6

ወደ ቁም ነገሩ ተመለሰ። ምስሉን በምን ልታየው ነው አለኝ። የአሚጋ 2000 ኮምፖዚት መውጫ ጥቁርና ነጭ ብቻ ነው። የቀለሙ ምስል የሚወጣው ባለ 23 እግሩ አርጂቢ ሶኬት ላይ ነው። ያም 15 ኪሎኸርትዝ ገደማ ስለሆነ፣ ከ31 ኪሎኸርትዝ በታች የማይቀበል ቪጂኤ ሞኒተር አያሳየውም። የዛሬው መፍትሔ አርጂቢ ቱ ኤችዲኤምአይ የተባለው፣ ራስፕቤሪ ፓይ ዜሮ በተባለ ትንሽዬ ኮምፒውተር የሚሠራ ትንሽ ቦርድ ነው። የሚገባው ግን በቪዲዮ ስሎቱ፣ ማሽኑ ውስጥ የቪዲዮ ካርድ በሚሰካበት ቦታ፣ ነው። ቪዲዮ ስሎቱን የያዘው ደግሞ ቶስተሩ ነው። ስለዚህ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ነው ብሎ ደመደመ።

መልስ 7

ግድ አይደለም ሲል አረመው። ያው ቦርድ ዴኒስ ቺፕ ሶኬት ላይ የሚቀመጥ ዓይነትም አለው። ቺፑ ይነሳል፣ ቦርዱ ሶኬቱ ላይ ይሰካል፣ ቺፑ ተመልሶ ከላይ ይቀመጣል። ስሎቱ አይነካም። ቶስተሩም ባለበት ይቆያል። ቁጥር 6 አመስግኖ ተቀበለ።

ለእኔ የክሩ ትልቁ ዜና ይሄ ነበር። እኔ ቶስተሩን ማውጣት ግዴታ መስሎኝ ነበር የምጠይቀው። ሁለቱ አብረው መኖር ከቻሉ ክርክሩ ግማሹ አለቀ ማለት ነው።

መልስ 8

ስለ ጌሙ ያሰበ ሰው ደግሞ መጣ። ቶስተሩ የተሠራው ለአሜሪካው የቴሌቪዥን ሲስተም ለኤንቲኤስሲ ብቻ ስለሆነ ማሽኔም ኤንቲኤስሲ መሆኑ አይቀርም ነው ያለው። አብዛኛው የአሚጋ ጌም ደግሞ አውሮፓ ውስጥ፣ ፓል ለተባለው ለእዚያው የቴሌቪዥን ሲስተም የተሠራ ነው። የፓል ምስል 256 መስመር፣ የኤንቲኤስሲ 200 መስመር ነው። በዚህ የተነሳ ለፓል የተሠራ ጌም የታችኛው ክፍል ተቆርጦ ይቀራል፤ ነጥብ የሚቆጠርበት ቦታ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። ፓል በሰከንድ 50 ጊዜ፣ ኤንቲኤስሲ 60 ጊዜ ስለሚያድስ ሙዚቃውም ሩጫውም ይፈጥናል። መፍትሔው ግን ቀላል ነው። አዲሱ አግነስ ቺፕ ካለኝ ቦርዱ ላይ ባለ አንድ ጃምፐር፣ እግሮችን በሚያገናኝ ትንሽ መቀያየሪያ፣ ወደ ፓል ይዞራል። ቶስተሩን ለመጠቀም ስፈልግ ጃምፐሩን ወደ ቦታው መመለስ ነው። ቺፑን አይቼዋለሁ፣ አዲሱ ነው።

መልስ 9

እስካሁን ጨዋ የነበረው ውይይት እዚህ ላይ መልኩን ቀየረ። የድሮ ዕቃ ሰብሳቢ እንደሆነ የነገረን ሰው ነው። ሙሉ የቶስተር ማሽን ማግኘት ጌም የሚጫወት አሚጋ እንደማግኘት አይደለም፤ ይህን ማሽን የሚነካ ሰው ታሪክ ያጠፋል አለ። የቤት ኮምፒውተር የፈለገ አሚጋ 500 ይግዛ ነው የሚለው። ጃምፐር ማዞር፣ ቺፕ መንቀል፣ ሶኬት መቀየር፣ ሁሉም ለእሱ አንድ ነው። ማሽኑን ወደ ጌም መጫወቻ መቀየር ዕቃውን ያለመረዳት ነው ብሎም ዘጋው።

መልስ 10

የመለሱለት በዘመኑ ቶስተር ላይ የሠሩ አንድ ትልቅ ሰው ናቸው። ከዚያ በኋላ ሁላችንም ጋሼ እያልን ነው የጠራናቸው። ቁጥር 9ን አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት፦ ቲቢሲ አለህ ወይ?

ቲቢሲ የሲግናልን የሰዓት መዛባት የሚያስተካክል ማሽን ነው። ከቴፕ የሚመጣ ምስል ይዋዥቃል። ቴሌቪዥን ይታገሰዋል፤ ቶስተር ግን አይታገሰውም። ወደ ቶስተሩ የሚገቡት ምስሎች በሙሉ በአንድ ሰዓት መሄድ አለባቸው። እሳቸው በሚሠሩበት ዘመን ለእያንዳንዱ የቴፕ ማጫወቻ አንድ ቲቢሲ ይመደብ ነበር። አንዱ ሲበላሽ ምስሉ ይቀደዳል፣ ቀለሙ ይዞራል፣ ኢፌክቱም መሃል ላይ ይበጣጠሳል። ስለዚህ ቶስተርን መጠበቅ ማለት ካሜራውን፣ ቲቢሲውን፣ ሞኒተሩንና ገመዱን አንድ ላይ መጠበቅ ነው። ያለዚያ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ብረት ነው የሚሆነው፤ ባትሪው እያፈሰ ደግሞ ብረትነቱም አይቆይም።

ከዚያ ትንሽ ትዝታ ጨመሩ። ሌሊት ሬንደር ላይ ጥለውት ይሄዱ ነበር፤ የላይትዌቭ አንድ ምስል ተሠርቶ እስኪያልቅ ብዙ ደቂቃ ይፈጃልና። ጠዋት የሚመጡት ስንት ምስል እንዳለቀ ለማየት ነበር። ስንጠቀምበት ቅርስ ነው ብለን አልነበረም፤ ሥራ ነበረን አሉ።

መልስ 11 እና 12

ቁጥር 11 ሌላ ሐሳብ ይዞ መጣ። ማክሮሲስተም የተባለው የጀርመን ኩባንያ የሠራው ካዛብላንካ የሚባል የቪዲዮ ማቀናበሪያ አለ። ውስጡ ያው የሞቶሮላ 68000 ቤተሰብ ፕሮሰሰር ስለሆነ፣ አሚጋ ለማድረግ እሱ ይሻላል፣ ቶስተሩም ይተርፋል ነው ያለው።

ቁጥር 12 አላስጨረሰውም። ካዛብላንካ የመጣው ድራኮ ከተባለው ማሽን ነው። ድራኮ የአሚጋን ሲስተም ቢያስነሳም አግነስ፣ ዴኒስ፣ ፓውላ የሉትም። የአሚጋ ጌም ደግሞ ቺፖቹን በቀጥታ የሚያዝ ስለሆነ እዚያ ላይ አይነሳም። ሳይሞክሩ መምከር ሰውን ገንዘብ ያስወጣል ሲል ቁጣ ቢጤ አክሎበታል። መረጃው ትክክል ነው። ቁጣው ግን ባይኖር ጥሩ ነበር፤ ቁጥር 11 ከዚያ በኋላ አልተመለሰም።

መልስ 13

ይህን መልስ ሁሉም ሰው ቢያነበው ደስ ይለኛል። ሃርድ ዲስኩን ፎርማት ከማድረግህ በፊት ቅዳው የሚል ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ከስቱዲዮ የወጣ ማሽን ዲስኩ ላይ የስቱዲዮው ሥራ አለ። የፕሮግራም መግቢያዎች፣ የጽሑፍ ገጾች፣ የላይትዌቭ ሞዴሎች፣ ቶስተሩ በራሱ ፎርማት ያስቀመጣቸው ምስሎች ይገኛሉ። የቶስተሩ ሶፍትዌርም እዚያው ነው፤ ፍሎፒዎቹ ከጠፉ ያለው ቅጂ እሱ ብቻ ሊሆን ይችላል። እንደዚህ ያለ የቆየ ዲስክ አንዴ ከተነሳ በኋላ ሁለተኛ ላይነሳ ይችላል። ስለዚህ አሚጋው ላይ እንዳላስነሳው አስጠነቀቀኝ። ዲስኩ ስካዚ በሚባለው የድሮ የዲስክ ማገናኛ የሚሰካ ነው። ብሉስካዚና ዙሉስካዚ ከሚባሉት ትንንሽ ቦርዶች አንዳንዶቹ የድሮውን ዲስክ ራሳቸው አንብበው ወደ ኤስዲ ካርድ ይገለብጡታል። ከዚያ በኋላ ያው ቦርድ በዲስኩ ቦታ ይገባል። ድምፅ የለውም፣ አይሞቅም፣ ዋናው ዲስክ ደግሞ ሳይነካ ይቀመጣል።

እንዳለው አደረግኩ። ዲስኩ እያንቋረረ ተነሳ፣ እስከ መጨረሻውም ተነበበ። ውስጡ የስቱዲዮው አርማ በተለያየ ቀለም አለ። አንዱ ፋይል ላይ አርማው ሲሽከረከር የሚያሳይ አኒሜሽን ግማሹ ድረስ ተሠርቶ ቆሟል።

መልስ 14

ያገኘኸውን ኢንተርኔት ላይ ልቀቀው አለ። ጋሼ ተመልሰው ተቃወሙት። የደንበኞች ስምና ሥራ ሊኖርበት ስለሚችል ሶፍትዌሩን ለይቶ ማትረፍ፣ የሰውን ሥራ ግን ለባለቤቱ መመለስ ይገባል አሉ። በዚህ ከእሳቸው ጋር ነኝ። ቅጂውን ለቀድሞው የስቱዲዮው ባለቤት አድርሻለሁ።

መልስ 15

ፓወር ሰፕላዩን አስታወሰኝ። ካፓሲተሮቹ ስላረጁ ማሽኑን ከማስነሳት በፊት መለካት አለበት። ብዙ ሰው አሮጌውን አውጥቶ የዘመኑን የፒሲ ፓወር ሰፕላይ፣ ኤቲኤክስ የሚባለውን፣ ይገጥማል። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የአሚጋ 2000 ፓወር ሰፕላይ ከቮልቱ ሌላ ቲክ የሚባል ሲግናል ይልካል። ከግድግዳው መብራት 50 ወይም 60 ኸርትዝ የሚወሰድ ምት ነው፤ ማሽኑ ጊዜ የሚቆጥርበት። ኤቲኤክስ ይህን አይሰጥም። ምቱን የሚጠብቅ ፕሮግራም ተገትሮ ይቀራል፣ ሰውየውም ቦርዱ የተበላሸ ይመስለዋል። ቦርዱ ላይ ምቱን ከምስሉ እንዲወስድ የሚያደርግ ጃምፐር ስላለ እሱን ማዞር ነው። ይህን ሳያውቁ ደህና ቦርድ የጣሉ ሰዎች እንዳሉም ነገረኝ።

መልስ 16

ስለ ኪቦርዱና ማውሱ። የተራ ፒሲ ኪቦርድ አይሠራም፣ የፒሲ ሲሪያል ማውስም ሶኬቱ ቢገጥም እንኳ አይሠራም። ለሁለቱም የዩኤስቢ አስማሚ አለ። አለቀ።

መልስ 17 እና 18

ፍሎፒ ማንበቢያውን ጎቴክ በተባለ፣ በፍላሽ በሚሠራ ምትክ መተካት እንደሚቻል ቁጥር 17 ነገረኝ። 880 ኪሎባይት የሚይዙትን የአሚጋ ዲስኮች ከፍላሽ ላይ ያስነብባል። ፍላሽፍሎፒ የተባለውን ነፃ ሶፍትዌር መጫን ብቻ ይፈልጋል። ቁጥር 18 ጎቴክን የሚያውቀው ከጥልፍ ማሽን ላይ ነው። ከዚያ ወሬው ሙሉ በሙሉ ወደ ጥልፍ ማሽን ዞረ። እኔም አላቋረጥኳቸውም፤ ፍሎፒው ሲሞት ሥራ የሚያቆም ማሽን ያለው ሰው ችግሩ ከእኔ ይበልጣል።

መልስ 19

ከስቱዲዮው ሞኒተርም አብሮ ከወጣ እንዳልጥለው መከረኝ። የሶኒ ፒቪኤም ዓይነቶቹ ባለ ቱቦ የስቱዲዮ ሞኒተሮች 15 ኪሎኸርትዝ አርጂቢ በቀጥታ ይቀበላሉ። ባለ 23 እግር ሶኬት ማግኘት ስለሚያስቸግር ባለ 25ቱን በመጋዝ ቆርጦ መጠቀም የተለመደ ነው። ቆረጣው ሶኬቱ ላይ እንጂ ማሽኑ ላይ ስላልሆነ ቁጥር 9 አይቃወምም አለኝ፣ እውነትም አልተቃወመም። ሞኒተሩን ግን የማያውቅ ሰው እንዳይከፍተው። ቱቦው ላይ ከ20 ሺህ ቮልት በላይ አለ፣ ከተነቀለ በኋላም ይዞ ሊቆይ ይችላል።

መልስ 20 እስከ 23

ቁጥር 9 ተመልሶ መጣ። ቶስተሩን የማልፈልገው ከሆነ እሱ እንደሚወስደው ጻፈ። ቁጥር 21 ይህን ሲያይ ገነፈለ። ቀድሞም ያሰበው ታሪክ ለመጠበቅ ሳይሆን ካርዱን ለመውሰድ ነው ብሎ ከሰሰው። ቁጥር 9 ስድብ መለሰ። አወያዩ ሁለት ጽሑፍ አጥፍቶ ሁለቱንም አስጠነቀቀ።

ፍርዴን ልናገር። ቁጥር 9 ካርዱን መፈለጉ ጥፋት አይደለም፣ የሚወደው ነገር ነው። ግን የጠየቅኩት ካርዱን ማን ይውሰድ ብዬ አይደለም። ማሽኑ ከነካርዱ እንዲኖር ነው የምፈልገው።

መልስ 24፣ የእኔ

እስካሁን ያለው ይሄ ነው። ባትሪው ወጥቷል። የፕሮሰሰሩ ሶኬት በአዲስ ተተክቷል፣ የተበላው መስመር በሽቦ ተቀጥሏል። የፓወር ሰፕላዩ ካፓሲተሮች ተለውጠዋል፤ ኤቲኤክስ አልገጠምኩም። ለሙከራ ቶስተሩን አውጥቼ ሳስነሳው ዲስክ አስገባ የሚለው የአሚጋ መነሻ ምስል፣ ዲስክ የያዘው እጅ፣ ስክሪኑ ላይ ወጣ። የተቀዳው ዲስክም በኤስዲ ካርድ በኩል ይነሳል። ዴኒስ ላይ የሚቀመጠውን ቦርድ እየጠበቅኩ ነው። እሱ ሲገጠም ቶስተሩ ወደ ስሎቱ ይመለሳል።

ጋሼን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። የመጀመሪያውን ሙከራ በአንድ ካሜራ ብቻ ባደርገው ያለ ቲቢሲ ይሆንልኛል? ካሜራውንስ ከአራቱ መግቢያ የትኛው ላይ ልሰካው?